ያሲን ባሕር ያለው ውኃ

«የጆሮህ ታምቡር ተቀዷል» አለኝ ከካርቱም ተፈናቅሎ ገዳሪፍ የገባው የጆሮ ሐኪም። ዕድሜ ልኬን ከዘፈን ጋር ስለኖርኩ የተቀደደ ታምቡር ለኔ ሌላ ቆዳ የሚለብስ ዕቃ ነው። «ታዲያ አይጠገንም?» አልኩት። «ይጠገናል። ካርቱም ነበር የሚጠገነው» አለኝ። የካርቱምን ነገር እናንተም ታውቁታላችሁ። ከዚያ እንደ ሹካ መንታ የሆነች ትንሽ ብረት ጉልበቱ ላይ መታ አድርጎ ከጆሮዬ ኋላ አጥንቱ ላይ አስቀመጠና «ትሰማለህ?» ሲል ጠየቀኝ። «አዎ» አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ጻፈ እንጂ ምንም አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ስወጣ ግን አንድ ነገር አስጠነቀቀኝ፤ ውኃ ጆሮዬ ውስጥ እንዳይገባ። «ከገባ የቀረችህንም ትሰናበታታለህ» አለኝ።

ስሜ ሰጠኝ ነው። ያደግሁት ቋራ፣ ሽንፋ ወንዝ ዳር ነው። ገዳሪፍ የመጣሁት በወጣትነቴ ሰሊጥ ላጭድ ነበር፤ አጨዳው አለቀ፣ እኔ ቀረሁ። ቀን ሰሊጥ ገበያ መጋዘን ውስጥ ጭነት እቆጣጠራለሁ፤ የሀበሻ ሠርግ ሲኖር ክራር እመታለሁ። ማለት እመታ ነበር። የሰሊጥ አቧራ ይሁን የቆየ ቁስል እንጃ፣ ጆሮዬ መመገል ጀመረ። መጀመሪያ ግራው ሄደ፣ ከዚያ ቀኙ ደከመ። አንድ ሠርግ ላይ ዘፋኙ ቅኝት ለውጦ እኔ በቀድሞው ስገሰግስ፣ ሙሽራው ራሱ ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ ወዲያ የሚጠራኝ ጠፋ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ብሆን አልጠራኝም።

ክራሩን ምስማር ላይ ሰቀልኩት። ኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ልጆች ሰብስቦ ዘፈን የሚያስተምር መምህር ኪሮስ የሚባል ሰው አለ፤ ክራሩ ከዘይት ቆርቆሮ የተሠራ ነው። አንድ ቀን ለመጋዘኑ ሥራ በዚያ ሳልፍ አይቼው አንጀቴን በላኝና «የኔን ውሰድ» አልኩት።

«ሰው ክራሩን ይሰጣል እንዴ?» አለኝ በዚያ ትግርኛ ትግርኛ በሚለው አማርኛው። «ጥርሱን እንደመስጠት እኮ ነው።»

«ጥርሱ ማኘክ ካቆመስ?» አልኩት። እኔ አንዴ ካልኩ አልኩ ነው። ክረምት ሳይገባ አመጣልሃለሁ ብዬ ቃሌን ሰጠሁት።

የያሲን መልእክት የመጣው በዚህ መሃል ነው። ያሲን የወጣትነት ወዳጄ ነው። አባቱ ጎንደሬ ናቸው፤ ገዳሪፍ ሱቅ ከፍተው ልጆቻቸውን እዚያው ወልደው አሳደጉ። ከአጨዳው ስመለስ መግቢያ ሳጣ ከሱቃቸው ጓሮ ያስጠጉኝ እሳቸው ናቸው፤ ከያሲን ጋር አንድ ክፍል ተጋርተን ኖረናል። አማርኛው የቤት አማርኛ ነው፣ ግማሹ ዓረብኛ። ካርቱም ሄዶ ፊልም ተማረ። ጦርነቱ ሲፈነዳ ሰው ልብሱንና ወርቁን ይዞ ሲሸሽ፣ እሱ ካሜራውንና ለካሜራው የተሠራ ውኃ የማያስገባ ሳጥን ይዞ ከች አለ። አባቱ ሳጥኑን አገላብጠው አይተው «ይኼስ ለዓሣ ይሆናል» አሉ። ቀልዳቸው መሬት አልወደቀም።

መልእክቱ የድምፅ ነበር። ስልኩን ቀኝ ጆሮዬ ላይ ተጭኜ ደጋግሜ ሰማሁት። «ያ ሰጠኝ፣ ፊልሙ አለቀ። ሁሉንም ከባሕር ሥር ነው የቀረጽኩት። ሙዚቃው ያንተ ነው። ሌላ ሰው የለኝም።»

ክራሩን ከምስማሩ አወረድኩት። ለራሴም ነገርኩት፤ ይኼ ፈተናዬ ነው። ይኼን ሥራ ከሠራሁ ሙዚቀኛ ነኝ፤ ካልቻልኩ ግን ክራሩ ለኪሮስ፣ እኔ ለሰሊጡ።

ባሕር አይቼ አላውቅም። ጣናን እንኳ ያየሁት ከአውቶቡስ መስኮት ነው። ገበያው ውስጥ ፖርት ሱዳን የሠራ ጫኝ ነበርና ባሕሩ ምን ይመስላል ብዬ ጠየቅኩት። «ትልቅ ነው፤ ጨው ጨው ይላል» አለኝ። በዚህ ተነሥቼ ከሥራ መልስ በሬን ዘግቼ ትልቅ ነገር ሠራሁ። ትዝታ ቅኝት፣ ረጅም፣ የሚያንከባልል፣ ማለቂያ የሌለው። አብዛኛውን የሰማሁት በጣቴ ነው፤ አውታሩ ሲርገበገብ ይሰማኛል፣ ሌላውን ከልምድ እሞላዋለሁ። ወደድኩት፣ እውነት ለመናገር።

ያሲን «ሀዋታ ና፣ እዚያው እንቅረጸው» ሲለኝ፣ ከፖርት ሱዳን ሲመለስ እዚያች ከተማ ያረፈ መስሎኝ ነገሩን አላከበድኩትም። ፈቃድ ጠይቄ ክራሬን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በጭነት መኪና ሄድኩ። ማክሰኞ ቀትር ላይ ደረስኩ። ያሲን አንድ ክፍል ተከራይቶ ግድግዳውን ለድምፅ ብሎ በብርድ ልብስ አልብሶታል። ጺሙ አድጓል፣ ቆዳው ከስሏል። ተቃቅፈን ሰላም ተባባልን፤ ትከሻ ለትከሻ እንደ ሱዳኖቹ፣ ጉንጭ ለጉንጭ እንደኛ።

«ምታልኝ፣ በአላህ» አለኝ ውኃ እንኳ ሳልጠጣ።

መታሁለት፣ ከዳር እስከ ዳር። ጆሮዬ ከደከመ ወዲህ የሰው ፊት ማንበብ ለምጃለሁ። የያሲን ፊት መጀመሪያ ደስ አለው፣ ከዚያ ግራ ገባው፣ ከዚያ ይሉኝታ ያዘው። ስጨርስ «ተማም፣ ተማም» አለ፤ ጥሩ ነው ማለቱ ነው። ያሲን አንድ ነገር በእውነት ከወደደ ይሳደባል እንጂ ተማም አይልም።

«ምኑ ነው ያልሆነው?» አልኩት።

«ምንም። ትልቅ ነው። በጣም ትልቅ ነው።»

«ባሕሩ ትንሽ ነው እንዴ?»

«ና፣ ላሳይህ» ብሎ ይዞኝ ወጣ። ከቤቶቹ ኋላ ቁልቁል ወርደን ከገደሉ አፍ ስንደርስ በጣቱ አሳየኝ። የበጋ ራሃድ ወንዝ ነው። አሸዋ ብቻ፣ እዚህም እዚያም የቀረ ኩሬ። ከታቻችን ያለው ከኩሬዎቹ ትልቁ ነው፤ ደለሉ ስለረጋ አረንጓዴ ሆኗል።

«ይኸው ባሕሩ» አለኝ።

«ፖርት ሱዳን አይደለም እንዴ የቀረጽከው?»

«ፖርት ሱዳን ማን ሄደ? በጋውን ሙሉ እዚህ ነኝ።»

«ያሲን፣ ይኼ ወንዝ ነው።»

«እኮ፣ ባሕር።»

«ወንዝ ነው እልሃለሁ! እንዲያውም የኛው ሽንፋ ነው። ድንበር ሲሻገር ነው ስሙን የሚለውጠው። ዋና የለመድኩበት ወንዝ ነው፣ ሰውዬ።»

«እኛ ባሕር ነው የምንለው፣ ወላሂ» አለኝ ግራ ተጋብቶ። «አባይንም ባሕር፣ ይኼንንም ባሕር። አታውቅም እንዴ? ስንት ዓመትህ ነው እዚህ አገር?»

እውነቱን ነው፤ ማወቅ ነበረብኝ። ግን የኔ ዓረብኛ የሰሊጥ ገበያ ዓረብኛ ነው፤ ኬሻ፣ ሚዛን፣ ጭነት፣ ነገ ና። ገዳሪፍ ራሷ ወንዝ የላትም። ባሕር ሲለኝ የሰማሁት በአማርኛ ነው። ላላየሁት ጨው ውኃ ስንገበገብ ከርሜ፣ ለካ ሰውየው የጠራኝ ለአሳደገኝ ወንዝ ነው። ሳቄ መጣ፤ ያሲንም ሳቀ።

ፊልሙን አሳየኝ። ትረካ የለው፣ ሰው የለው። ወንዙ ሲቆረጥ ኩሬው ውስጥ የቀሩ ዓሦች ናቸው። ኩሬው ከወር ወር ይጠባል፣ ዓሦቹ ይጠጋጋሉ፣ ላያቸው ላይ ብርሃኑ ይለዋወጣል። የሚጠብቁት ከላይ፣ ከኛ አገር የሚመጣውን ጎርፍ ነው። ሌላ ታሪክ የለም። የኔ ሙዚቃ እዚያ ላይ ሲገባ አንድ ሰው በጠባብ ክፍል ውስጥ እንደሚጮህ ሆነ። እኔም አየሁት።

«ዓርብ እሄዳለሁ» አለ ያሲን ላፕቶፑን እያየ። «ሐሙስ እዚህ ትምህርት ቤት ለሰዉ አሳየዋለሁ፣ ዓርብ በከሰላ አድርጌ ፖርት ሱዳን ለሚያሳዩት ሰዎች አደርሰዋለሁ። ሰማዩን አየኸው? ኸሪፍ፣ ክረምቱ፣ ከገባ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ኸላስ። የአንተን እንዳለ እናስገባው። ወይም...»

«ወይም ምን?»

«ከኢንተርኔት ያወረድኩት ሙዚቃ አለ። ለጊዜው።»

ደሜ ፈላ። «እውነቱን ንገረኝ» አልኩት። «ስለ ጆሮዬ ሰምተህ፣ አዝነህልኝ ነው የጠራኸኝ?»

በቀኝ ጎኔ ዞሮ መጣና ጮክ ብሎ፣ ቃል በቃል ተናገረኝ። «አባቴ ጓሮ ስትመታ ትዝ ይልሃል? መሃል ላይ ታቆማለህ። እናቴ ሳህን እንደያዘች ቀጥ ትላለች። ጣትህ እስኪመለስ የሚንቀሳቀስ የለም። እንደዚያ የሚያቆም ሰው ካርቱም ሙሉ ፈልጌ አጣሁ። የኔ ዓሦችም ሥራቸው መጠበቅ ነው። ጆሮህን አይደለም የጠራሁት፣ ያ ዞል፣ ሰውዬ፤ ማቆምህን ነው።»

«እስከ ሐሙስ ስጠኝ» አልኩት። «ግን ውኃውን ውስጥ ገብቼ ማየት አለብኝ።»

«ሐኪሙስ?»

«ሐኪሙ ገዳሪፍ ነው።»

ጠዋት ወረድን። ያሲን እስከ ውኃው ጫፍ ድረስ ለመነኝ፤ አልሰማሁትም፣ በሁለቱም መንገድ። ጥጥ በቫዝሊን ለውሼ ጆሮዎቼን ደፈንኩ፣ ላዩን በላስቲክ፣ ከዚያ ከኢድሪስ በተዋስኩት ጥምጥም ጭንቅላቴን ከአገጭ እስከ አናት አሰርኩት። ኢድሪስ ማለት ኩሬው ላይ መረብ የሚጥል የሀዋታ ሽማግሌ ነው።

ጆሮዬን ከመድፈኔ በፊት «አዞ የለበትም?» ብዬው ነበር በዓረብኛዬ።

«ዘንድሮ አላየሁም» አለኝ። ያጽናና መስሎት ነው መሰለኝ።

ጥጡ ዓለምን ጸጥ አደረገው። የያሲን አፍ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። እንዲህ ነው እንግዲህ የሚሆነው፣ ቀኙ ሲሄድ፣ አልኩ በልቤ። ፈራሁ፣ አልዋሻችሁም። ከዚያ አየር ስቤ ጠለቅሁ።

መጀመሪያ የሰማሁት ልቤን ነው። ቀጥሎ አንድ ሌላ ነገር መጣ። ኩርር፣ ኩርር። ዝም። ኩርርር። በግራ ነው በቀኝ አይባልም፤ ጭንቅላቴ መሃል ነው። ዘይት ያልተቀባ በር ሲከፈት የሚያሰማው ድምፅ ዓይነት ነው። አንዱ ሲያቆም ሌላው ይመልሳል፣ ደግሞ ሁሉም ባንድነት ቀጥ ይላሉ፣ ደግሞ አንዱ ይጀምራል። ያሲን ከጎኔ ጠልቆ ሁለት ድንጋይ ሲያጋጭ አየሁት፤ ያም ግምባሬ ውስጥ ጥርት ብሎ ገባ። በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ጥርት ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ትንፋሼ እስኪቆረጥ ቆየሁ፣ ወጣሁ፣ እንደገና ጠለቅሁ። ስወጣ ፊቴ ላይ ከነበረው ውኃ የቱ የኩሬው፣ የቱ የኔ እንደነበር አላውቅም።

«ይጮኻሉ!» አልኩ ጥጡን እየነቀልኩ። «ዓሦቹ ይጮኻሉ!»

ያሲን ኢድሪስን አየው። ኢድሪስ ሳቀና መረቡ ውስጥ እጁን ሰዶ ጺማም ዓሣ አወጣ፤ ገርጉር ይሉታል። ዓሣው እጁ ላይ ክንፉን እያንቀሳቀሰ «ኩርር» አለ። እኔ አልሰማሁትም፣ ያሲን ነው የነገረኝ። ግን ኢድሪስ ዓሣውን ወደ መንጋጋዬ ሲያስጠጋው፣ አጥንቴን ሲነካኝ፣ ሰማሁት።

ያሲን አሸዋው ላይ ቁጭ አለ። «ወላሂ፣ ያንን ድምፅ ከፊልሙ ሁሉ አጥፍቼዋለሁ» አለ። «የካሜራው ሳጥን የሚንቀጫቀጭ መስሎኝ። በጋውን ሙሉ እያጠፋሁ ነው የከረምኩት።»

«መልሰው» አልኩት።

እሱ ድምፁን ሊመልስ ላፕቶፑ ላይ ተደፋ፣ እኔ ብርድ ልብሱ መሃል ክራሬን ይዤ ተቀመጥኩ። የሐኪሙ መንታ ብረት ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። የክራሩን አግዳሚ እንጨት፣ አውታሮቹ የሚጠመጠሙበትን፣ መንጋጋዬ ላይ አስደግፌ አንዱን አውታር ነካሁት። መጣ። በጥርሴ ነከስኩት፤ ጎርፍ ሆኖ መጣ። ቅኝቱ ተዛብቶ ነበር፣ ምን ያህል እንደተዛባም ሰማሁ፤ ስንት ጊዜ በተዛባ ክራር እንደኖርኩ እግዜር ይወቀው። ፈታሁትና በአንቺ ሆዬ ቃኘሁት። ምራቄ እንጨቱ ላይ እየተንጠባጠበ፣ አንገቴን እየጠመዘዘኝ፣ ያሲን ቀና ብሎ አይቶ «ልትበላው ነው?» ሲለኝ መመለስ እንኳ አልቻልኩም፤ አፌ ሥራ ላይ ነው።

ትልቁን ባሕር ጣልኩት። አዲሱ ትንሽ ነገር ነው። አንድ ወፍራም አውታር ይመታል፣ ያቆማል። ዓሦቹ ይመልሳሉ። ሁለት ቀጭን አውታሮች ይጠጋሉ፣ ያቆማሉ። ኩሬው ሲጠብ ማቆሙ ይረዝማል። መጨረሻው ላይ እጄን ጨርሶ አነሣለሁ፣ ሙዚቃው የዓሦቹ ብቻ ይሆናል። ረቡዕ የቀረውን ቀን ሙሉ፣ ሐሙስንም እስከ ረፋድ ቀረጽን። ያሲን በመጨረሻው ሲሰማ አባቴን፣ አያቴንና የቋራን ሰው በሙሉ ሰደበልኝ። ያኔ አመንኩት።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ አንዱን የትምህርት ቤት ክፍል መስኮቶች በብርድ ልብስ ጋረድን፣ ግድግዳው ላይ አንሶላ ወጠርን። የመንደሩ ሰው መጣ፣ ተፈናቃዮች መጡ፣ የኛም ሰዎች ነበሩ። ድምፅ ማጉያው መምህሩ የሚጽፍበት ጠረጴዛ ላይ ነው። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ መንጋጋዬን ጠረጴዛው ላይ አስደገፍኩ። የሚያየኝ ሰው ያንቀላፋሁ ይመስለዋል። ሁሉም መጣልኝ፣ ከመጀመሪያው አውታር ጀምሮ።

ኩሬው ጠብቦ ጠብቦ መጨረሻው ደረሰ፣ እጄን ያነሣሁበት ቦታ። ዓሦቹ ጥቂት አጉረመረሙና እነሱም ቀጥ አሉ። ቀና አልኩ። ዝምታው የክፍሉ ይሁን የጆሮዬ አላወቅሁም። ሰዎቹን አየሁ። ሁሉም ከወንበራቸው ወደ ፊት ዘንበል ብለው ነበር። አንዲት ሴት ታስተካክለው የነበረውን የልጅ ልብስ እጇ ላይ እንደያዘች ቀርታለች። ኢድሪስ አፉን ከፍቷል። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ መንጋጋዬን ጠረጴዛው ላይ ስመልስ ከኩሬው አንድ «ኩርር» ብቻ መጣ፣ ኢድሪስ «ገርጉር!» አለ፣ የከንፈሩን እንቅስቃሴ አየሁት፣ ክፍሉ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። ጭብጨባውን በእግሬ ሰማሁት፣ በወለሉ።

ያሲን ዓርብ ሄደ። ዝናቡ ደግሞ ወዲያው ያዘ፤ መንገዱ ሳይዘጋ ለጥቂት አመለጥን። ከሰላ ሲደርስ «ራሃድ መጣ፣ ኩሬው ከወንዙ ገጠመ» የሚል መልእክት ከኢድሪስ እንደደረሰው ነገረኝ።

አሁን እናንተን ላናግር። ይኼን የምታነቡ፣ ጆሯችሁ የሚመግል ካላችሁ፣ እባካችሁ እንደኔ እንዳትጠልቁ። ጥጡ ምንም አልረዳኝም፤ ትኩሳት ይዞኝ ሰነበትኩ፣ ከቀኙ ጆሮም ጥቂቱ ሄደ። ሐኪሙ የሆነውን ስነግረው ብዕሩን ጣለ። «አጥንትህ እንደሚሰማ እኮ ያን ቀን በብረቷ አይቼዋለሁ» አለኝ። «ብትጠይቀኝ ሳትጠልቅ እነግርህ ነበር።» አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልነገረኝም፤ ሰው ሥራው ምን እንደሆነ ካልተናገረ ሐኪም ምኑን ይገምታል? እኔ የሰሊጥ ሠራተኛ ነኝ ብዬ ነበር የተመዘገብኩት። ያ ነው የሚቆጨኝ። ዛሬ ማንም ሲጠይቀኝ ሙዚቀኛ ነኝ እላለሁ፣ መጀመሪያ እሱን።

ሠርግም ጀምሬያለሁ። ልጆች «ክራር በላው መጣ» ይሉኛል፤ ይበሉኝ። ዘፋኙ ቅኝት ሲለውጥ ቀድሜው እደርሳለሁ።

አንድ ነገር ቀረ፤ ቃሌ። ክረምት ሳይገባ ብዬ ክረምቱ አለፈ፤ መንገዱ እንደደረቀ ክራሬን ጠቅልዬ ኡም ራኩባ ሄድኩ። መምህር ኪሮስ ከሩቅ ብርድ ልብሱን አይቶ ተነሣ፣ ፊቱ በራ፣ ደግሞም አዘነ። በቀኜ በኩል ቀርቦ «አልኩህ እኮ» አለኝ፣ «ሰው ጥርሱን አይሰጥም።»

ጥቅሌን ፈታሁ፣ ሊያስተምር እንደመጣ ሰው ልጆቹ መሃል ቁጭ አልኩና እንጨቱን ነከስኩ። ከዚያ ለቅቄ ነገርኩት።

«አልሰጥህም» አልኩት። «አብሬው ነው የመጣሁት።»